ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር

«አይንቀሳቀሱ፣ ዶክተር። ከቻሉ አይተንፍሱም።»

ፋርማሲስቱ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ቴክኒሻኑ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ የላፕቶፑን ቁልፍ ተጫነ። መጀመሪያ ምንም የተሰማ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከመሬት በታች የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ተነሳ። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ፤ ፎቅ ላይ ኩሽና ውስጥ የአንድ ድስት ክዳን ተንጫረረ፤ ድምፁም እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ፉጨት ሆነና ጠፋ። መሐል ላይ ባለው ሰፊ የቆዳ ወንበር ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ከፍታ የቆመችው ቀጭን ማይክ ሁሉንም ለቅማለች። ላፕቶፑ ላይ አንድ ወጣ ገባ መስመር ተሳለ።

«ምን ይላል?» አለ ፋርማሲስቱ፣ እስካሁን የያዘውን ትንፋሽ እየለቀቀ።

«እዚህ ጉብታው ይታይዎታል? ቤዙ፣ ያ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን፣ እዚህ ላይ ያገሳል። እንቆርጠዋለን።»

«ጎድጓዳውስ?»

«እሱ ቤዙና ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች የሚረካከቡበት ቦታ ነው። ስፒከሮቹ ቀድመው እየደረሱ ነው። ቤዙን ትንሽ እንዲጠብቁት እናደርጋለን።»

«እንደ ሰው ናቸው በለኛ፣ ኢንጂነር።»

ሰውየው ዶክተር አልነበረም፤ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት ነው። ሌላውም ኢንጂነር አልነበረም፤ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም አድጎ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ሳሎን ውስጥ ስፒከር ያስተካከለ ቴክኒሻን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ በማይገባቸው ማዕረግ እየተጠራሩ ውለዋል። አንዳቸውም ሌላውን ሊያርሙ አልፈለጉም፤ ማዕረግ ማንን ይጎዳል።

ፋርማሲስቱ የቸኮለበት ምክንያት ነበረው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ታላቅ እህቱ ትሄድበታለች።

እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት፣ እህቱ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበሩ። ያሳደገችው በስፌት መኪና ነው። የትምህርት ቤት ልብሱን ሰፍታ፣ የጎረቤቱንም ሰፍታ፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ አደረሰችው። ከሦስት ወር በፊት የልብስ ስፌት ሱቋን አዘግቶ፣ ዕቃዋን ጭኖ ወደ አዲሱ ቤቱ አመጣት። «አሁን ተራዬ ነው፤ አንቺ ዕረፊ» አላት። ሁለት ሳምንት ያህል በደንብ አረፈች። ከዚያ በኋላ መጋረጃዎቹን ሁሉ ፈትታ እንደገና ሰፋች። እነሱም ሲያልቁ የምትሠራው አጣች። ባለፈው እሑድ ቁርስ ላይ፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት አድርጋ፣ «ቅዳሜ ወደ ድሮው ቤቴ እመለሳለሁ፤ ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ» አለችው። ፋርማሲስቱ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ ምድር ቤት ያለውን ሰፊ ክፍል አስጸድቶ የቤት ሲኒማ አዘዘ።

መስመሩ ከአራት ዙር በኋላ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ለጥ አለ። ቴክኒሻኑ ራሱ እንኳ ትንሽ ኮራ። «ይኼን ልኬት በየቤቱ አያገኙትም፣ ዶክተር» አለ።

ፋርማሲስቱ እየሮጠ ደረጃውን ወጥቶ እህቱን ይዟት ወረደ። ሽበቷን በሻሽ የሸፈነች፣ አጠር ያለች፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት። ቴክኒሻኑን በጭንቅላቷ ሰላም አለችና ክፍሉን አንድ ጊዜ ቃኝታ፣ ወደ ኋላ ሄዳ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ድምፁ ከበዛብዎት ይንገሩኝ» አለ ቴክኒሻኑ፣ ሽቦ እየጠቀለለ።

መልስ የለም።

«ወደ ፊቷ ዞረህ ንገራት» አለ ፋርማሲስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አትሰማም። በስምንት ዓመቷ ትኩሳት ታማ ነው። የሰውን ከንፈር አይታ ነው የምታወራው።»

ቴክኒሻኑ በእጁ የያዘውን ሽቦ ረሳው። ታዲያ ይህ ሁሉ ለማን ነው ሊል ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ዋጠው። ፋርማሲስቱ ግን ከፊቱ አነበበው።

«ልጅ ሆነን ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነበር የምንኖረው። ወፍጮው ሲነሳ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትስቅ ነበር። የሚፈጨው ስንዴ ይሁን በቆሎ በጀርባዋ ለይታ ትነግረኝ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ። ቤዙ እኮ ለእሷ ነው፣ ኢንጂነር።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ በእጁ ጠራት። «እትዬ፣ መሐል ነይ እንጂ። ዋናው ቦታ እኮ ይኼ ነው።»

«እዚህ ይሻለኛል» አለች። በሩን ከኋላዋ አድርጋ ተቀምጣ አታውቅም፤ የሚገባውን ሰው በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ ነው የምታውቀው።

ፊልሙ ተከፈተ። የዕቃ ባቡር ረጅም የብረት ድልድይ ላይ ወጣ። የፋርማሲስቱ ሱሪ እግሩ ላይ ተርገበገበ፤ ደረቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ እስኪመስለው ድረስ ነዘረው። ወዲያው ዞሮ እህቱን አየ። ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀችለት።

«ቆንጆ ነው» አለች።

ፋርማሲስቱ በደስታ ሻይ ሊያመጣ ወደ ላይ ወጣ። ቴክኒሻኑ ግን እጇን አይቶ ነበር። መዳፏን የወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፋ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ የቀዘቀዘ ማንቆርቆሪያ እንደነካ ሰው ቀስ ብላ አንስታዋለች። ሄዶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ተሰማዎት?»

«ለእሱ እንዳትነግረው» አለች። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏታል፤ ድምፅዋ ግን እስከ ኩሽና ይሰማል። «ሱሪው ሲርገፈገፍ አየሁ። ወደ እኔ ግን ምንም አልመጣም። ይኸው፣ እጅህን ብታስቀምጥበት እንጨት ነው።»

ፋርማሲስቱ ሻዩን እንደያዘ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከፋው፤ መከፋቱንም አልደበቀም።

«ጨምርላት» አለ። «ያለውን አቅም ሁሉ ስጣት።»

ቴክኒሻኑ ማይኳን አንስቶ ወደ ትንሿ ወንበር ወሰዳት። በዚህኛው ልኬት መስመሩ ደህና መጥቶ መጥቶ፣ ልክ ቤዙ የሚከብድበት ላይ ሲደርስ ገደል ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ገደል በጉልበት አይሞላም። ግን የሰውየው ፊት አሳዘነውና ጨመረ። ገደሉ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ጨመረ። ቤዙን እንደ መታነቅ አደረገው፣ ቀይ መብራት በራ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። ራሱን ለማዳን ነው የጠፋው።» ቴክኒሻኑ ላቡን ጠረገ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቤዙ የሚወጣው ድምፅና ከኋላ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው፣ እሳቸው የተቀመጡበት ቦታ ላይ ይገናኙና ይጠፋፋሉ። በጨመርኩ ቁጥር የሚመለሰውም አብሮ ይጨምራል። ስገባ የት እንደሚቀመጡ መጠየቅ ነበረብኝ። መሐሉን ወንበር አየሁና ይኼው ነው ብዬ ለካሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ይኼን መሳት አልነበረብኝም።»

ፋርማሲስቱ መሐል ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉን ተመለከተ።

«ምንድነው የሚያወራው?» አለች እህቱ። «ወደ እኔ ዙሩ እንጂ፤ በጀርባችሁ ታወራላችሁ።»

ቴክኒሻኑ ዞረላት። «የቤዙን ቦታ እንቀይራለን፣ እትዬ። ቦታውን የሚያገኙት ግን እርስዎ ነዎት። ቤዙን እርስዎ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። እርስዎ ክፍሉን ይዞራሉ። በደንብ የሚሰማዎት ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ቤዙ እዚያ ይተከላል።»

«እሱ ወንበሬን ወስዶ እኔ ልንከራተት?»

«የድምፅ መንገድ ሲሄዱበትም ሲመለሱበትም አንድ ነው፤ ቤዙ ወንበሩ ላይ ሆኖ እርስዎ ጋ የደረሰ፣ እርስዎ ወንበሩ ላይ ሆነው ከዚያው ቦታ ይደርስዎታል። ሁልጊዜ እኔ ነኝ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ በጆሮዬ የምፈልገው። ዛሬ ግን የእኔ ጆሮ ለእርስዎ አይሆንም።»

ሁለቱ ወንዶች ሠላሳ ስምንት ኪሎውን ሳጥን እያቃሰቱ ተሸክመው ትንሿ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሳጥኑ የክብር እንግዳ ሆኖ አስተናጋጅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እህትየዋ ሳቀችበት፤ ጫማዋን አወለቀች። ቴክኒሻኑ አንድ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ ከፈተ። እሷም ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በጎን በጎን መራመድ ጀመረች። መዳፎቿን ከጎኗ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዴ ትሄዳለች፣ አንዴ ትመለሳለች። ቴክኒሻኑ ስንት ቤት ገብቶ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላየም፤ እሱ ራሱ ሲዳህ ብዙ ጊዜ ለመጨረስ ነው የሚዳኸው።

ከስክሪኑ ስር ሞከረችና ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ማዕዘኑ ላይ ቆይታ፣ «እዚህ ያማል፤ ይበዛል» አለች። በግራ በኩል ባለው ግድግዳ እኩሌታውን አልፋ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች። አንድ እርምጃ ተመልሳ እንደገና መጣችበት። ከዚያ ትከሻዋን፣ የጭንቅላቷንም ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ወንድሟ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ረስቶ።

«እዚህ» አለች ደግማ፣ ሳትጠየቅ። ከዚያ ፊቷ በሙሉ ተፈታ። «አንተ ልጅ፣ ወፍጮው ነው እኮ። በቆሎ እየፈጩ ነው።»

ፋርማሲስቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቴክኒሻኑም የሚያየው ባይኖርም ላፕቶፑን ማየት ያዘ።

ቤዙን ወደዚያ ወስደው ተከሉት። በትንሿ ወንበር ላይ ገደሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ከገደልነት ወደ ጎድጓዳነት ወርዶ የቀረውን ድምፅ ማመጣጠኛው ኢኳላይዘር ሞላው። ችግሩ መሐል ወንበሩ ላይ ነበር፤ ያ እንደ ሸሚዝ የተተኮሰ መስመር ተጨማደደ።

«ሁለቱን አቻችዬ መሐል ላይ ላድርገው፣ ወይስ ለአንዱ ላስተካክል?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ለእሷ» አለ ፋርማሲስቱ።

«የእርስዎ ትንሽ ይጎረንናል።»

«ይጎርንን። እኔ ጆሮ አለኝ።»

ባቡሩ እንደገና ድልድዩ ላይ ወጣ። እህትየዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን ክንዶቹ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ፉርጎ ሲያልፍ አፏ ተከፈተ። በጣቷ ትቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ፊልሙን ረስታዋለች፣ የምትቆጥረው በመዳፏ የመጣላትን ንዝረት ነው። ባቡሩ ሲያልቅ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። ሳቀች፣ እንባዋንም በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ፋርማሲስቱ መጥቶ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «መጠየቅ ነበረብኝ» ያለውን የቴክኒሻኑን ንግግር አልረሳውም።

«እትዬ፣ እኔም የት እንደምትቀመጪ አልጠየቅኩሽም» አለ። «ሱቅሽንም ስዘጋው አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቅከኝም» አለች።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ምን ብታገኚ ነው የማትሄጂው? ይኼ ክፍል አይበቃሽም?»

እጁን ይዛ ትንሽ አሰበች። «ደስ ብሎኛል። እንዳታዝንብኝ፣ ከልቤ ነው። ግን ፊልም ሁለት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው። እኔ ቀኑን በዓይኔ ሳየው ልውል ነው? ሰው ይምጣ፣ ‹ወገቡን አጥብቢልኝ› ይበለኝ፣ ይጨቃጨቀኝ።» ወደ ግራው ግድግዳ ጠቆመች። «ከዚህ ጀርባ ምንድነው ያለው?»

«ጋራዡ።»

«በሩ ወደ መንገድ ነው?»

«አዎ፣ ወደ መንገድ ነው።»

«መብራት አለው?»

«አለው። ውኃም አለው።»

«ሁሉ ነገር የተሟላለት መኪናህ ነው እንግዲህ» አለች።

ፋርማሲስቱ የመኪናውን ነገር ሊናገር ጀመረ። ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ዝናብ አይቶ አያውቅም፤ እሑድ እሑድ በጨርቅ የሚወለውለው ራሱ ነው። የእህቱን ፊት አየና ንግግሩን እዚያው አቆመ። ተነሳ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሄደ።

ቴክኒሻኑ ማይኳን ወደ ሳጥኗ ሲመልስ እህትየዋ ከወንበሯ ተነስታ ጀርባዋን ያገኘችው ቦታ ላይ አስደገፈች።

«የጋራዡን በር ከፈተው» አለች።

ቴክኒሻኑ ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ። ከእሷ በኋላ እሱም የብረቱን መንሸራተት ሰማ። ሞተር ተነሳ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ መንገዱ ላይ ወጣና ቆመ። ፋርማሲስቱ ተመልሶ ሲመጣ ሸሚዙ ላይ አቧራ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመ፣ ወደ ውስጥ አልገባም።

እህትየዋ ወንድሟን አላየችውም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች። የቴክኒሻኑን ትከሻ መታ መታ አደረገችው።

«ደንበኛ በር ሲያንኳኳ ቦግ የሚል መብራት አለ አሉ። ትገጥማለህ?»

«እገጥማለሁ፣ እትዬ። ቀላል ሥራ ነው። ግን ዕቃውን መግዛት አለብኝ፤ ነገም ቅዳሜም ሌላ ቤት ነኝ።»

«መቼ ትችላለህ ታዲያ?»

«ሰኞ ጠዋት ባዶ ነኝ።»

«እንግዲያው ሰኞ ሦስት ሰዓት ና» አለች። «እዚሁ ታገኘኛለህ።»