ገደሉ ወገብ ላይ የቀረው ሽበት

ወንድሜ የተንጠለጠለበትን ገመድ የቆረጥኩት በቀን፣ ሰው እያየኝ ነው። አልክድም።

ከድንጋይ ካባው በላይ ያለውን ገደል የምጠብቅ እኔ ነኝ። የምጠብቀውም ዐለት ላይ የሚበቅለውን ሽበት ነው፤ ሲደርቅ የሞተ ድመት ጠጉር ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ይሆናል። የምታጠናው ባለመነጽሯ፣ አውራ ጣት ለማከል የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል ብላኛለች። ገደሉ ጫፍና ወገቡ ላይ ካሉት ከሁለቱ በቀር ሌላ ቦታ አላገኘችውም። እሱ በሕይወት እስካለ ካባው ወደ ላይ አይሰፋም፤ ከሞተ ገደሉ በድማሚት ይፈርሳል። የታዘዘው እንዲህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ካባው ውስጥ መሰርሰሪያ ያዥ ነው። “እትዬ፣ ሬሳ ነው የምትጠብቂው” እያለ ሠራተኛውን ሲያስቅብኝ እልህ ያዘኝ። በየቀኑ በጠራራ ፀሐይ ጫፉ ላይ ባለው ላይ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰስኩ “ይኸው፣ ሞተ?” አልኳቸው። አረንጓዴ ይሆናል፣ ወዲያው ይደርቃል፣ እኔ ደግሞ አፈሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጠቁሮ ረገፈ። ባለመነጽሯ መጥታ ራሷን ያዘች። በበጋ ትንሽ ውሃ ቀስቅሶት ቶሎ ከደረቀ ጉልበቱን ጨርሶ ይሞታል አለች። ገዳዩ እኔ ነበርኩ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቀረ፣ ገደሉ ወገብ ላይ።

በማግስቱ ወንድሜ በገመድ ወረደበት። ካባ ውስጥ ዐለት ከመሰርሰሩ በፊት ስንጥቁ እንዲታይ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል።

“ውጣ!” አልኩት ከላይ ሆኜ።

“አንዱን ራስሽ ገደልሽው፤ ሌላውን እኔ ልገላግልሽ!” ታች ያሉት አሽካኩ።

“ገመዱን እቆርጠዋለሁ።”

“አንቺ? ዶሮ ማረድ የምትፈሪው!”

ብሩሹ ሲፍቅ ሰማሁ። ገመዱ በሦስት የተገመደ ነው፤ አንዱን በገጀራ በጠስኩት። ገመዱ ተሽከረከረና ወንድሜ ከዐለቱ ጋር ተላተመ። ግንባሩ ተተረተረ፣ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

“የናቴ ልጅ!” ብሎ ጮኸ።

“ሁለት ቀርቶሃል” አልኩት።

እየቧጠጠ ወጣ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አፌን በቡጢ ሲለኝ ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ወደቅኩ። ረገጠኝ፤ ጎድኔ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ቁርጭምጭሚቱን ነክሼ አልለቅም አልኩ። የገላገለን ፎርማኑ ነው፣ በአካፋ እጀታ እየደበደበ፣ ሁለታችንንም።

ከዚያ ገመዱን አየው፣ እኔን አየኝ። “ማነው የሚወርድ?” አለ ወደ ሠራተኛው ዞሮ።

“እሷ ከላይ ቁጭ ብላ?” አለ አንዱ። “እኔ ገና አልተዳርኩም።”

ሠራተኞቹ መሰርሰሪያውን ጭነው ወደ ማዶ ሄዱ።

ሽበቱ ግማሹ ተፍቋል፣ ግማሹ አለ። ወንድሜ እኔ ካለሁ እናታችን ቤት አይገባም። “ብሩሹ ባይወድቅ ኖሮ ሁለተኛውን ትቆርጪው ነበር?” ትለኛለች እናቴ። አልቆርጥም ነበር እላታለሁ። እናትን ሌላ ምን ይሏታል።