የሚገፋውና የሚጠመዘዘው

ዶክተሯ የምትንቀው ሰው ስታጣ ዕቃ ትንቅ ነበር። በሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ስብሰባ ላይ ሁለት የሌንስ ማስገቢያዎች ሲቀርቡላት አንደኛውን ገና ሳትነካው አፍንጫዋን ነፋችበት። ሁለቱም ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉ፣ ሌንሱ ከፋብሪካ ተሞልቶባቸው የሚመጡ፣ እስክሪብቶ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። አንዱ እንደ መርፌ በአውራ ጣት ይገፋል። ሌላው በሁለት እጅ ተይዞ ቀስ እያለ ይጠመዘዛል።

«ይሄ እጅ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው» አለች የሚጠመዘዘውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። ይህን ስትል የምታየው ባልደረባዋን ነበር። ባልደረባዋ በሥራው ዝግ ያለ ሐኪም ነው፤ «ዔሊው» የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፣ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። የኩባንያው ሻጭ ከት ብሎ ሳቀላት። እሱንም ናቀችው፤ ጫማው ከሚሸጠው ዕቃ በላይ ያብረቀርቅ ነበር።

ሙከራው የተደረገው በመለማመጃ የፕላስቲክ ዓይን ላይ ነው። በሚጠመዘዘው ሌንሱ ቀስ ብሎ ወርዶ ተዘረጋና ቦታው ላይ ዐረፈ። የሚገፋው ግን መጀመሪያ ሙጭጭ አለ፤ ጫን ስትለው ሌንሱ ተስፈንጥሮ ወጣና የሚያርፍበትን ስስ ሽፋን ቀደደው። ሌላ አስከፈተች። ያም ዘለለ።

«ሽፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው» አለች።

«የሰው ዓይን ሽፋን ከዚህም ይልቅ ስስ ነው» አለ ዔሊው።

«አንተ ፕላስቲክም ያስፈራሃል።»

የግዢ ኮሚቴው ሳቀ። የክፍሉ ኃላፊ እሷ ናትና የሚገፋው ተገዛ። እንዲህ ያለውን ሰው ኃላፊ አድርጎ በሚሾም ቤት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር የሚጠብቅ ቢኖር የዋህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በወጣቶቹ ሐኪሞች እጅ ሌንስ ሲዘልና ሽፋን ሲቀደድ «እጃቸው ነው» እያለች አለፈችው። በራሷም እጅ ዘሎባት ያውቃል። እሱን ግን ዋጥ አደረገችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዓይናቸው ተጎድቶ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ሰዎች ከቁብ አልቆጠረቻቸውም።

በመጨረሻ የእናቷ ተራ ደረሰ። እናቷ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ግራ ዓይናቸው በልጅነታቸው በእንጨት ስንጣሪ ጠፍቷል። የቀራቸው ቀኙ ነው፣ እሱንም ሞራ ሸፍኖታል። ይሄኛው ከተበላሸ ጨለማ ነው። በክፍሉ ደንብ ደግሞ ሐኪም የሥጋ ዘመዱን በቢላ አይነካም፤ ስለዚህ የሚሠራቸው ዔሊው ሆነ።

እናቷ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ተጋደሙ። ዓይናቸው በጠብታ ደንዝዟል፣ ፊታቸው ከዓይናቸው በቀር በጨርቅ ተሸፍኗል፤ እሳቸው ግን ነቅተዋል፣ ሁሉንም ይሰማሉ። ዶክተሯ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። ነርሷ የሚገፋውን ልትከፍት ስትል ዶክተሯ ክው አለች።

«እሱን ተይው። ለናሙና ከመጣው አንድ የሚጠመዘዝ መደርደሪያው ላይ ተርፏል፤ እሱን አምጪ።»

ዔሊው ቀና አለ። «ለምን?»

«አምጪ አልኳት፣ በቃ።»

«የምሠራው እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ምክንያቱን ልወቀው እንጂ።» ድምፁ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር። አስተያየቱ ግን እሷ ስትዘራው የኖረችው ንቀት ነበር፤ በራሷ ላይ ሲመጣ ወዲያው ለየችው።

«ያኛው ይዘላል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከእኔ ቀጥላ የምትገባዋ ሴትዮስ?» አሉ እናቷ ከጨርቁ ሥር። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ አጠገባቸው ተቀምጣ ስታጫውታቸው የነበረች ናት። «እሷ በየትኛው ነው የምትሠራው?»

ዶክተሯ ለነርሷ መደርደሪያውን በእጇ አመለከተች።

«አንቺን እኮ ነው።»

«በሚገፋው ነው፣ እማዬ። ሌላ የለም።»

እናቷ ጨርቁን ከፊታቸው ገፈው ተነሥተው ተቀመጡ። ነርሷ «እማማ፣ አይንኩት» ብትልም አልሰሟትም።

«እንግዲያው እሷ ትቅደም። የሚጠመዘዘው ለእሷ ይሁን። እኔን ልጄ በመረጠችው ሥሩኝ።»

«አይሆንም፣ እማዬ።»

«ለምን አይሆንም? አንቺ አይደለሽ የመረጥሽው?»

«ዓይንሽ ይጠፋል።»

አንዴ ከአፏ ወጥቷል። ነርሷ አቀረቀረች፤ ዔሊው ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። ዶክተሯ አፍራ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ፊቷ በኀፍረት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«የሚገፋው ሁሉ ይመለስ» አለች። «ለማንም አይከፈት። ኮሚቴውን ዛሬውኑ እጠራለሁ። በሙከራው ጊዜም ዘሏል፣ በእኔም እጅ ዘሏል፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

ይህን ብላ እናቷን ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ቢያንስ «ጎሽ ልጄ» ይሉኛል ብላ ነበር።

እናቷ ሞራ የሸፈነውን ዓይናቸውን ድምጿ ወደመጣበት መለሱ። «ይህን ለማለት እኔ እዚህ እስክተኛ ነው የጠበቅሽው?» አሉና የነርሷን ክንድ ይዘው ወረዱ።