ሳጥኑ እንዴት አደረ?

ልዑልቃል ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሳጥኑን ደህንነት ነው። እግዜርን ከዚያ በኋላ ያመሰግናል፤ ሚስቱን ከዚያ በኋላ ያስታውሳል፤ ያውም ካስታወሰ።

ሳጥኑ ቦንጋ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ሲባል ግን ሰው የሚያውቀው ዓይነት አይደለም። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ማውስ የለው። ከፊቱ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የምትልበት፣ ከኋላው ሁለት ገመድ የተሰካበት ጥቁር ሳጥን ነው፤ በቃ። ውስጡ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ተጭኖበታል፤ የሰፈሩን የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ሁሉ ያስቀምጣል። ጌታው የሚያዘው ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ፣ በኢንተርኔት ነው። "የትም ብሆን ቤቴ ነኝ" ይላል ልዑልቃል በኩራት። ሚስቱ ፀደንያ ይህን ስትሰማ "ቤትህ ስትሆንስ የት ነህ?" ትለዋለች። እሱ ቀልድ ይመስለውና ይስቃል።

ክረምት ሲገባ መሥሪያ ቤቱ የወረዳውን ኮምፒውተሮች እንዲያስተካክል ከቦንጋ ራቅ ወዳለችው ቢታ ገነት ላከው። ልዑልቃል አልከፋውም። ጠዋት ጠዋት፣ ከአልጋው ሳይወርድ፣ ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አስቀምጦ ቦንጋ ይገባል። ሳትጠፋ ስንት ቀን ሠራህ? ሙቀትህ ስንት ደረሰ? ሥራ በዝቶብሃል? ቦታ ጠቦሃል? ሳጥኑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጠር ያለች መልስ ይሰጣል፤ የልዑልቃል ፊት ይበራል። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ሳጥኑ አምስት ደቂቃ ዝም ካለ ስልኩ እንዲጮህ አድርጎታል። ስልኩ ሲጮህ ፀደንያ ጋ ይደውላል።

"ፀዲ፣ መብራት የለም እንዴ?"

"የለም።"

"መቼ ጠፋ?"

"አሁን።"

"እሺ፣ ሲመጣ ንገሪኝ።"

ክረምት ነውና መብራቱ መጣ ሄደ ይላል፤ ስለዚህ ልዑልቃል ሚስቱ ጋ ቶሎ ቶሎ ይደውላል። ይህንንም ለወረዳው ሰዎች "እኔና ባለቤቴ ሳንደዋወል አንውልም" እያለ ሲያወራ ተሰምቷል። ዓይኑን በጨው ያጠበ!

ፀደንያ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከዝናቡና ቁምሳጥን ላይ ከምትጠቅሰው መብራት ጋር ብቻዋን ቀርታለች። መልሷ እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ "የለም፤ አንተ ግን ደህና ነህ?" ትል ነበር። ቀጥሎ "የለም" ብቻ ሆነ። ቀጥሎ "እ" ሆነ። በመጨረሻ ስልክ ማንሳትም ተወች፤ ልዑልቃልም መብራቱ መጥቶ ሳጥኑ ከነቃ መልሶ አይደውልም። አንድ ቀን ቤቱን ቆልፋ ማንኪራ አባቷ ቤት ገባች። ባልየው አልሰማም። ሳጥኑ ጤና ነበራ!

ጣጣ የሚመጣው ሰው ሥራ ሲፈታ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልዑልቃል የሳጥኑን ጥበቃ ላጠንክር ብሎ ተነሳ። ፋየርዎል የሚባል አለ፤ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል የኮምፒውተር ዘበኛ ነው። "ማንንም እንዳታስገባ" ብሎ አዘዘው። "ከእኔ በቀር" የሚለውን ቀጥሎ ሊጽፍ ነበር። ዘበኛው ግን ታዛዥ ነው፤ ትዕዛዙን እንደተቀበለ መጀመሪያ ያስወጣው ልዑልቃልን ሆነ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይኼ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ትዕዛዙ በቋሚነት አልተመዘገበም፤ ሳጥኑ አንዴ ጠፍቶ ቢበራ ይረሳዋል። አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎ ቢሰካ በቂ ነው። መብራት ቢጠፋም ያው ነው። የቦንጋ መብራት ግን እልህ የተጋባ ይመስል ያን ሰሞን አንዴም አልጠፋም። ከተማው "ተመስገን" ሲል ልዑልቃል ብቻውን ጨለማ ይለምን ነበር። እንቅልፍ አጣ፤ ምግብ አልወርድ አለው። ፀደንያ ጋ ቢደውል ቢደውል የሚያነሳ የለም። ሲጨንቀው ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረወልድ ጋ ደወለ።

"ጋሼ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣው! እንዲህ ሰንብቶልን አያውቅም።"

"አይይ!" አለ ልዑልቃል ከልቡ። "ፀደንያስ?"

"ማንኪራ ናት እንጂ! ቤቱን ቆልፋ ከሄደች ሰነበተች። አንተ ሳታውቅ?"

ልዑልቃል ደነገጠ። መጀመሪያ ትዝ ያለው ግን ቁልፉ ነው። የእሱ ቁልፍ ቢታ ገነት፣ ኪሱ ውስጥ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ቆጣሪውም ቤት ውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚጠፋ ነገር የለም። እንግዲህ ቤቱ እንዲከፈት ፀደንያ መመለስ አለባት፤ ፀደንያ እንድትመለስ ደግሞ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት ያስታርቁን።"

"ምን አጥፍተህ ነው?"

ልዑልቃል አሰበ፤ ምንም አልታየውም። "ሁሉም የኔ ጥፋት ነው" አለ፤ ይህን ቃል የሰማ ሽማግሌ አልሄድም እንደማይል ያውቃል።

ጋሽ ገብረወልድ ሆዳቸው ባባ። ባለሱቁን ጋሽ ሰላሐዲንን አስከትለው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ጭቃውን እያቦኩ ማንኪራ ደረሱ። የፀደንያ አባት ጋሽ ሣህሌ ከንብ ቀፏቸው ተጠርተው መጡ። ልዑልቃልም አልቀረም፤ ጋሽ ገብረወልድ ስልካቸውን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ ይህንንም ጉዳይ ከሩቅ ያስተዳድር ጀመር።

"ልጁ እንቅልፍ አጥቷል" አሉ ጋሽ ገብረወልድ ቆመው። እውነት ነው።

"እህል አይቀምስም" አሉ ጋሽ ሰላሐዲን። ይህም እውነት ነው።

"እና ልጄ፣ ምን ትያለሽ?" አሉ ጋሽ ሣህሌ።

ቢታ ገነት ላይ ልዑልቃል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ማንኪራ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሲሰማ ቆየ። በመጨረሻ የፀደንያ ድምፅ መጣ።

"እናንተን አላሳፍርም። እመለሳለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ!" ብሎ ጮኸ ልዑልቃል። ደስታ አፉን ፈታው። "ፀዲዬ፣ እንደገባሽ ቁምሳጥኑ ላይ የሳጥኑን ገመድ ንቀይና፣ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ስኪው፤ ሌላ ምንም አትንኪ!"



"የምን ገመድ?" አሉ ጋሽ ሰላሐዲን።

ፀደንያ የሳጥኑን ነገር በአጭሩ ነገረቻቸው።

"ያ ረቢ! እኔ ሱቄን ዘግቼ በዚህ ጭቃ የመጣሁት ለገመድ ነው?"

ፀደንያ ስልኩን አነሳችው። አልጮኸችም፤ ለአንደኛ ክፍል ልጆቿ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ልዑል፣ ሳጥንህ አምስት ደቂቃ ዝም ሲል ስልክህ ይጮሃል፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ ሦስት ሳምንት ዝም ስል ምን ጮኸ?"

ለልዑልቃል ያቺ "አንተ ግን ደህና ነህ?" ትዝ አለችው፤ አንድ ቀንም መልስ እንዳልሰጣት ትዝ አለው። ፊቱ በእፍረት ጋለ። ሳጥኑን የረሳው ያን ጊዜ ነው፤ አልቅስ አልቅስ አለው።

"ማሪኝ" አለ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ልዩነቱን ሰሙ።

ጋሽ ገብረወልድ ግን ተታለዋልና በቀላሉ አልለቀቁትም። "በአባቶቻችን ወግ፣" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። አንተ ድንጋይ መፈለግ የለብህም። ያንን ሳጥንህን ተሸክመህ እዚህ ደጅ ትመጣለህ።"

"ጋሼ፣ ዝናብ ይነካዋል እኮ!"

"በፌስታል ጠቅልለው።"

ልዑልቃል ቅዳሜ ቦንጋ መጣ። በራሱ ቁልፍ ቤቱን ከፈተ፤ ገመዱን በገዛ እጁ ነቀለ፤ አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ሳጥኑን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በማጅራቱ ላይ አደረገና የማንኪራን መንገድ ያዘ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት አስቆመችው።

"ሬዲዮ ነው? ልታሠራው ነው?"

"አይ፣ ይቅርታ ልጠይቅበት ነው።"

ሴትየዋ አንዴ እሱን አንዴ ሳጥኑን አየችና "እግዜር ያሳካልህ" ብላ አለፈች።

ሽማግሌዎቹ ወደሚጠብቁበት የጋሽ ሣህሌ ደጅ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ጀርባው ላይ ይንቆረቆራል። ጋሽ ሣህሌ ገና ሲያዩት ሊምሩት ነበር፤ ጋሽ ሰላሐዲን ከለከሏቸው። "የኔ ቦት ጫማ ገና ጭቃው አልለቀቀም፤ ትንሽ ይቁም" አሉ። በመጨረሻ ፀደንያ ራሷ ወጥታ ሳጥኑን ከአንገቱ ላይ አነሳችለት። በእጇ መዘነችው።

"ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?" አለች። "እኔ እኮ ከባድ መስሎኝ ነበር።"

አብረው ቦንጋ ገቡ። ሳጥኑ ተሰካ፤ ዘበኛውን ረሳ፤ ጌታውን አስገባ። ሰኞ ልዑልቃል ወደ ቢታ ገነት ተመለሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ሳጥኑ ዝም ብሏል። ልዑልቃል ደወለ፤ "መብራት" የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ነበር፤ እንደ መራራ ክኒን ዋጣት።

"ፀዲ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ደህና። ምን አዲስ ነገር አለ?"

ብዙ ነበር። የጋሽ ገብረወልድ ዶሮ አጥር እየዘለለች፣ ጋሽ ሰላሐዲን ሱቅ ውስጥ የስኳር ጆንያ ላይ እንቁላል መጣል ጀምራለች። አንዱ "ዶሮዋ የኔ ናት" ሲሉ፣ ሌላው "ጆንያው የኔ ነው" ብለዋል። ሁለቱ አስታራቂዎች ተኳርፈው፣ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ጠፍቷል። ልዑልቃል መጀመሪያ አንድ ዓይኑ ላፕቶፑ ላይ ነበር። በኋላ መሳቅ ጀመረ፤ ጋሽ ሰላሐዲን እንቁላሉን በጋዜጣ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፉበት ስትነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ፀደንያ ድንገት ወሬዋን አቆመች።

"ልዑል፣ መብራት አለ እኮ።"

"እ?"

"ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ማንን እንደምትጠይቅ ልይ ብዬ ነው።" ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ "ልሰካልህ?" አለችው።

"ቆይ" አለ ልዑልቃል፣ ላፕቶፑን እየከደነ። "እንቁላሉስ የማን ሆነ?"