በሆላንድኛ የተጠየቀች ሙሽራ

ጦርነት አውሮፓን በሚያምስበት ዘመን፣ ዶክተር ዊናንድ በደቡብ አፍሪካ ከሆላንድኛ ለተወለደው የአፍሪካንስ ቋንቋ የአጻጻፍ ደንብ እንዲያወጡ ከተመረጡት ምሁራን አንዱ ነበር። በሥራ ቀን "ይህ ቃል በአንድ አናባቢ ይጻፍ ወይስ በሁለት?" እያለ ሲሟገት ይውላል። እሑድ ሲሆን ግን እግሩ ወደ ፓርል የወይን እርሻዎች ነው፤ መምህርት አሌታ ዘንድ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ሰው ሁሉ "ኦም" ማለትም አጎት እያለ የሚጠራቸው ሲብራንድ ቁጡ የወይን ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሱ በሆላንድኛ ስለሆነ፣ ቁም ነገር ሁሉ በሆላንድኛ መነገር አለበት ባይ ናቸው።

አንድ እሑድ በምሳ ላይ ዊናንድ ኮቱን ቆልፎ ተነሣና በአፍሪካንስ "ኦም ሲብራንድ፣ አሌታን እንዲድሩልኝ..." ከማለቱ አቋረጡት።

"በጓዳ ቋንቋ ልጅ አይጠየቅም! ሆላንድ ድረስ ሄደህ ተምረህ የለም እንዴ? በወጉ ጠይቀኝ!"

"ኦም፣ የጓዳ ቋንቋ አይደለም እያልኩ እኮ ነው የምከራከረው። እዚህ ብክደው ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?"

"እንግዲያው ጓደኞችህን አግባ!"

አሌታ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። "ለፊደል ብለህ ልታጣኝ ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

ዊናንድ ኩራቱን ዋጠና የሆላንድ ሊቃውንት በሚናገሩት ሆላንድኛ ጀመረ። አረፍተ ነገሩ ተንዛዛ። ኦም ሲብራንድ መጀመሪያ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ በቀስ ንቅነቃው ቀዘቀዘ፤ በመጨረሻ የበግ ሥጋ የወጋው ሹካቸው አየር ላይ ቀረ።

ዊናንድ ጨርሶ እጅ ነሣ።

"አሌታ፣" አሉ ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው፣ "ይሄ ሰውዬ አንቺን ነው የጠየቀኝ ወይስ በሬዎቼን?"

"እኔን ነው አባባ!" አሌታ በሳቅ ፈረሰች። "እወዳታለሁ፣ አላስከፋትም ነው ያለው።"

"ይቺን ለማለት ነው ይሄ ሁሉ? ሙሴም እንዲህ አላወሳሰበው!" እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "በል እንደ ሰው ጠይቀኝ፤ ገብቶኝ ልስጥህ።"

ዊናንድ በአፍሪካንስ ጠየቀ። አጭር ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠራርገው ወይን ቀዱለት።

"ወስደሃታል። ግን ስማ፣ የስሜን አጻጻፍ ከነካህ ልጄን አስመልሳለሁ!"

ወይኑ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ተጋቡ። ቄሱ በሆላንድኛ ባረኳቸው፤ ኦም ሲብራንድ በአፍሪካንስ መረቋቸው፤ ማንም ቅር አላለውም።