ቦራ መጨረሻ ትታለብ

«እንግዳና ታማሚ ቀድሞ ነው የሚስተናገደው፤ እናትህ ይኼን አላስተማረችህም?» አለ መሐመድአወል፣ ባልዲውን ከኑርዲን እጅ እየነጠቀ።

«ሐኪሙ መጨረሻ ትታለብ ብሏል» አለና ኑርዲን ባልዲውን መልሶ ያዘ።

ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው፤ ሳዑዲ፣ ከደማም ከተማ ዳር፣ በአቡ ዑበይዳ በረት ላም ያልባሉ። ኑርዲን ቀድሞ ኢንዱስትሪ ከተማ መጋዘን ይሠራ ስለነበር መሐመድአወል የላም ነገር ከወተት ካርቶን ላይ የተማረ ይለዋል።

የጠቡ ምክንያት ቦራ የምትባለው ላም ነበረች። ጡቷ ባበጠ ቁጥር መድኃኒት ትወጋለች፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ወተቷ ይጠራል፣ መሐመድአወልም «ኸላስ፣ ድናለች» ይላል። ብዙ ሳይቆይ ያው ጡት መልሶ ያብጣል። ካፊሉ፣ አሠሪያቸው አቡ ዑበይዳ፣ አሁን ካገረሸባት ለቄራ ናት ብሎ ቆርጧል።

ሐኪሙ እንዳስረዳቸው ተህዋሲው ጡቷ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሆድ ገብቶ ይሸሸጋል። ሊበሉት የተላኩት የደም ዘበኞች እንኳ ይውጡታል እንጂ አይፈጩትም። መድኃኒቱ ውጭ ያገኘውን ገድሎ ያልፋል፤ የተደበቀው ነገሩ ሲረጋጋ ይወጣል።

«ከካፊሉ ጠፍቶ ሁሩብ የተባለ ሰው ፖሊሱ ቤት ተከራየ ማለት ነው» አለ ኑርዲን። «ፖሊሱ ከተማውን ሲያስስ ይውላል፤ ማታ አብረው ራት ይበላሉ።»

መሐመድአወል መሳቅ አልፈለገም፤ ግን አመለጠው። ሳቁን ሊሸሽግ ቦራ ሥር ቁጢጥ ብሎ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ አለባት። በዚያው እጁ ገና አንድ የወለደች ጎረቤቷን ጊደር አለበ።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ መጥቶ ወተቱን ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ቀላቀለ። የቦራ እንደ አጥሚት ወፈረ። የጊደሯም ወፈረ፤ በሽታው ተጋብቶባታል ማለት ነው። ሐኪሙ ከቦራ ቀጥሎ የምትታለበው ማን እንደሆነች ሲጠይቅ ኑርዲን መሬት መሬቱን አየ። መሐመድአወል እጆቹን አገላብጦ ተመለከተና ጊደሯን በዓይኑ ጠቆመ።

ቦራ ለቄራ ተፈረደባት፤ የተወጋችው መድኃኒት ከሥጋዋ እስኪጠራ ብቻ ተጠበቀ። በእነዚያ ቀናት መሐመድአወል እጁን በሳሙና እየታጠበ መጨረሻ አለባት። እሷም ተራዋ ስላለፈ ተቀይማ ባልዲውን ትረግጥበት ነበር።

ወደ ቄራ የሚወስዳት የጭነት መኪና የመጣ ዕለት አቡ ዑበይዳ በር ላይ ቆሞ፣ በላተኛው ሆድ ውስጥ የሚኖር ምግብ አይቶ እንደማያውቅ ይከራከር ነበር። ኑርዲን በተሰባበረ ዐረብኛ የፖሊሱን ተረት ጀመረለት። ፖሊሱ አሁን አል ነኺል ሰፈር ቪላ አለው፣ ሚስትም ተጨምራለታለች። አቡ ዑበይዳ ሚስትየው ታዲያ የማንን ልብስ ነው የምታጥበው ብሎ አፋጠጠው።

መሐመድአወል ቦራን ፈታ። መወጣጫው ላይ ስትገግም ምላሱን አጩሆ ራሱ ቀድሟት ወጣ፤ ተከተለችው። ገመዷን አስሮ ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አሸት አሸት አደረገላትና ሳይወርድ እዚያው አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ኑርዲን የተከራዩ ልብስ እንዴት ከፖሊሱ ልብስ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚታጠብ ገና እያስረዳ ነበር።