የታመመ አይጠየቅም

ሩፋኤል ራሱን ያጠፋው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ያለው የእነ ጀማነህ ቤት በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጋራዡ ውስጥ ሳይቀር የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበር ተደርድሯል። የሃያ ዓመት ልጅ! ቀብሩ ለነገ ጠዋት ተይዟል። ያልተያዘው ፍትሐቱ ነው። ራሱን በፈቃዱ ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትማ።

ጀማነህ “እግዜር ያጽናህ” ለሚለው ሁሉ አንገቱን ይደፋል እንጂ ልቡ ያለው ድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው ላይ ነው። የቀሲስ ጣሰው መኪና ገና ሲቆም ጃኬት እንኳ ሳይደርብ በበረዶው ላይ ሮጠ።

“አባ፣ ልጄ ታሞ ነው። የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ሐኪም አይቶታል፣ ሆስፒታልም ተኝቷል።”

“እንዲህ ከሆነማ ጥሩ” አሉ ቄሱ። “አእምሮው የታመመ ሰው ባደረገው አይጠየቅም፤ ፍትሐቱም ይደረግለታል። ግን ጀማነህ፣ እናቱ ከትናንት ጀምራ ‘ጤነኛው ልጄ፣ አንድ ቀን ራሱን ያላመመው ልጄ’ እያለች ነው የምታለቅሰው። ሕዝቡ ሰምቷል። አባት ታሞ ነበር፣ እናት ጤነኛ ነበር እያላችሁ እኔ ምን ብዬ ልቁም? ሁለታችሁም አንድ ቃል ንገሩኝ።”

ጀማነህ ክው አለ። ሰገነት የልጇን ሕመም አታውቅም። የማታውቀው ደግሞ መንገር የነበረበት እሱ ስላልነገራት ነው።

መቼም የኮለምበስ አበሻ አስተርጓሚ ሲቸግረው “ጀማነህን ኮል አድርጉት” ነው የሚለው። ፍርድ ቤት እሱ፣ መንጃ ፈቃድ ቢሮ እሱ፣ ምጥ የያዛት ሴት አልጋ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የሚያስተረጉም እሱ። አንዲት ቃል አላዛባም ብሎ ሲኩራራ ለጉድ ነበር። ሰውዬው በሃያ ሁለት ዓመት የአስተርጓሚነት ዕድሜው ያዛባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ለገዛ ሚስቱ!

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ሩፋኤል ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀምሮ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሟ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ፣ ልጁ የያዘው የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ ሕመሙ ረጅም እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ካቆመ ሕይወቱ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ረጋ ብላ አስረዳች። “ለእናቱ በደንብ ንገርልኝ” አለችው። ሰገነት እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይሆንላት ዓይን ዓይኑን ታያለች።

“ምን አለች?”

“ትምህርቱ በዝቶበት ነው። እንቅልፍ አጥቷል። የእንቅልፍ ኪኒን አዘዙለት” አላት።

አይ ጀማነህ! ምን ነበረበት ሐኪሟ እንዳለችው ቢነግራት? “እብድ” የምትባለዋን ቃል ፈራ። የሰውን አፍ ፈራ። የሰገነት ፊት ሲቀየር ማየት ፈራ። ነገ እነግራታለሁ አለ፤ ነገ ሉዊስ ሴንተር የሚሠራበት የዕቃ መጋዘን ኦቨርታይም ወጣ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ለዘመድ ወዳጅም ትንፍሽ አላለም፤ ልጁንም ‘እናትህን አታስጨንቃት’ አለው። እኛ ዘንድ የታመመ ይጠየቃል፤ ብርቱካን ተይዞ ይኬዳል፣ አልጋው ተከቦ ይዋላል። ሩፋኤልን ስምንት ቀን ሙሉ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ይሄ ዛሬ ጋራዡን የሞላው ሕዝብ ያኔ ቢሰማ ሆስፒታሉን ያጥለቀልቀው ነበር።

ከዚያማ ሰገነት ልጇ እስከ ቀትር ሲተኛ፣ ሲወፍር፣ ሲፈዝ አየች። ለእንቅልፍ የተባለ ኪኒን ነው እንግዲህ! ባለፈው መስከረም አንድ ቀን “በቃህ፣ ሱስ ይሆንብሃል” ብላ ብልቃጡን ከእጁ ተቀብላ ጣለችው። ጀማነህ ከሥራ ሲገባ ነገረችው። ሰማ። በሳምንቱ ልጁ በጠዋት መነሳት፣ መቀለድ ሲጀምር፣ እንዲያው ድኖ ይሆናል ብሎ ዝም አለ። ሰማችሁ? ዝም አለ።

አሁን እውነቱን ከተናገረ ልጁ ነጻ ይወጣል፣ ሰገነት ግን በገዛ እጇ ልጇን እንደገደለች ታውቃለች። ዝም ካለ ሚስቱ ትተርፋለች፣ ልጁ ግን ጸሎት ሳይደረስበት ይቀበራል፤ ጀማነህ እንደሚያምነው ከሆነ ደግሞ ወደ እሳት ይሄዳል። “በፈቃዱ” ይሉታል። የትኛው ፈቃድ? ድምፅ ሲያዘው፣ ድምፅ ሲሰድበው የከረመ ልጅ ምን ፈቃድ አለው? እግዜር ይህን ሁሉ እያየ በእሳት ከቀጣው፣ ይሄ ምኑ ነው ፍርዱ? እንዲህ እያለ ከፈጣሪው ጋር ሲሟገት ድንገት የራሱ ነገር ትዝ አለው። እሱን ያዘዘው ድምፅ አልነበረም። ጤነኛ ነበር፣ ጠግቦ አድሮ፣ አስቦበት ነው የዋሸው።

ቄሱ ሰገነትን አስጠርተው ሦስቱም መኝታ ቤት ገቡ። አልጋው ላይ የለቀስተኛው ካፖርት ተቆልሎ ስለነበር ቄሱ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ መስቀላቸውን አወጡ።

“ሰገነት፣ ልጅሽን ያመው ነበር?”

“አባ፣ ልጄ ጤነኛ ነው። እብድ አትበሉብኝ።”

“ጤነኛ ከሆነ ፍትሐት ልናደርግለት አንችልም፣ ልጄ።”

ሰገነት መስቀሉን አየችው፣ ቄሱን አየቻቸው።

“ታዲያ ልዋሽ? መስቀል ፊት ቆሜ፣ ልጄን በውሸት ላሻግረው? ጀማነህ፣ ንገራቸው እንጂ! አንተ አይደለህ ከሐኪሟ አፍ የሰማኸው?”

“ሰጊ” አለ ጀማነህ። “ያኔ ሐኪሟ ያለችውን አልነገርኩሽም።”

ከዚያ አስተረጎመላት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ አንዲት ቃል ሳያዛባ፣ ከሐኪሟ አፍ እንደወጣው። “መድኃኒቱን ካቆመ” የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

“ካቆመ?” አለች ሰገነት።

“ካቆመ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው አለች።”

ትጮኻለች፣ ፊቱን ትቧጭረዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። ቀኝ እጇን ገልብጣ መዳፏን አየችው።

“‘አር ዩ ሹር ማሚ? እርግጠኛ ነሽ?’ ብሎኝ ነበር፣ ብልቃጡን ስቀበለው” አለች። “ሹር ነኝ አልኩት።”

ጀማነህ ወለሉ ላይ ተደፋ። “እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ሰጊ! እርገሚኝ፣ ምቺኝ!” ሰገነት ዞር ብላም አላየችው።

ቄሱ ደንግጠው ተነሡ። “ልጄ፣ ስሚኝ። ሩፋኤል ታሞ ነበርና አይጠየቅም። ፍትሐቱን ነገ እኔው እቆማለሁ። አንቺም ያደረግሽው ሳታውቂ ነው፤ አትጠየቂበትም።”

“አልጠየቅም?”

“አትጠየቂም።”

“እናቱ አይደለሁም እንዴ፣ አባ?” አለች። “ልጁ ሲታመም የማያውቅ ጎረቤት ነው። ሳያውቅ ‘ሹር ነኝ’ የሚል ጎረቤት ነው። እኔ ወልጄዋለሁ። የማልጠየቅ ከሆነማ ልጄ እናት አልነበረውም ማለት ነው። እግዜር ይጠይቀኝ። ለሱ ማረው በሉልኝ፣ ለኔ ግን ጠይቃት ብላችሁ ጸልዩልኝ።”

ሰገነት ነጠላዋን አስተካክላ፣ የተደፋውን ባሏን ዞር ብላ አልፋ፣ ሳሎን ወዳለው ፍራሿ ተመለሰች። ልቅሶዋን ስትቀጥል “ጤነኛው ልጄ” የምትለው ቀረ። “የገደልኩህ፣ በእጄ የገደልኩህ” ነበር የምትለው። ለቀስተኛው እናት ስታዝን የማትለው የለም ብሎ አብሯት አለቀሰ።

ፍትሐቱ ተደረገ። አርባውም ወጣ። ጀማነህ ንስሐ ገባ፤ ጾምና ስግደት ተሰጠውና ጉልበቱ እስኪላጥ ሰገደ፣ ግን ምንም ቀለል አላለውም። ሰገነት ታናግረዋለች፤ በረዶውን ጠረግህ ወይ ትለዋለች፣ ምሳህን ያዝክ ወይ ትለዋለች። እሱ የሚጠብቀው አንዲት ነገር ነው፤ “ለምን?” እንድትለው። ብትለው የሚመልሰውን እንጃ፤ ምናልባት መልስ የለውም። ብቻ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆም ብሎ ይጠብቃል፤ እሷ ምግቡን ታቀርብለትና ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።