«ይደር» የተባለው መንጋጋ

ሐኪሟ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ፊት ስትቆም፣ ከልብስ ሰፊዋ ስም ጎን ዛሬም «ይደር» ተብሎ መጻፉን አየች። ሆዱ የተወጋ፣ ጭንቅላቱ የተመታ በመጣ ቁጥር መንጋጋ ወደ ኋላ ይገፋል፤ መንጋጋ አይገድልማ! ልብስ ሰፊዋ ግን ከደረጃ ወድቃ መንጋጋዋ ከተሰበረ ወዲህ ሾርባ በስትሮ እየመጠጠች ተራዋን ትጠብቃለች።

ጠዋት ሐኪሟ ስብራቱን ዳብሳው ነበር። ስባሪዎቹ እንደ ሰሞኑ አይወዛወዙም፤ ተጣመው ሊያያዙ ነው። ከተያያዙ መፍትሔው እንደገና መስበር ይሆናል።

የክፍሉን ኃላፊ ኮሪደር ላይ ያዘቻቸው።

«የመጀመሪያው ታካሚ ትኩሳት ስለያዘው ክፍሉ እስከ ቀትር ባዶ ነው። ልብስ ሰፊዋን እናስገባት።»

«እብጠቷ መቼ ጎደለና?»

«እብጠቱን ስንጠብቅ አጥንቱ ያለ እኛ ይስማማል፣ ዶክተር።»

«ያለ አስታራቂ?» ብለው ሳቁ። «ማደንዘዣውስ?»

«የማደንዘዣ ባለሙያው የመተንፈሻ ቱቦውን በአፍንጫዋ አስገባለሁ ብሏል፤ ጠይቄዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን የጠየቅሽኝ ለወጉ ያህል ነው እንጂ ጨርሰሽዋል! በይ ታጥበን እንግባ።»

አጥንቱ በብረት ከመታሰሩ በፊት ጥርሶቹ መግጠም ነበረባቸው። ኃላፊው የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ መሃል ለመሃል አስተካከሉ፤ ለዓይን ያማረ ሆነ። ሐኪሟ ግን ጎንበስ ብላ አየችና እጃቸውን ያዘች።

«አንድ ጊዜ! ይህ ጥርሷ ላይ ያለው ጎድጎድ ክር የበላው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ክር የበጠሰችው እዚህ ላይ ነው፤ የታችኛው ጎድጎድ ከላይኛው ትይዩ መዋል አለበት። ጥርሷ ድሮም ወደ ግራ ያደላ ነበር።»

ኃላፊው መንጋጋውን በስሱ ወደ ግራ ገፋ አደረጉት። ጥርሶቹ ሁሉ ቀጭ ብለው ገጠሙ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ኃላፊው፤ «ልናሳምራት ብለን ልናበላሻት ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ነቃች። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዟል።

«እስቲ ጥርስሽን ቀስ ብለሽ ግጠሚው፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ።

ልብስ ሰፊዋ ገጠመችው። ዓይኗ በራ።

«የራሴ ነው!» አለች ባበጠ ከንፈሯ።

«እሰይ! ጭቅጭቃችን ሊመለስ ነው» አለ ባል፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ።

በሩ ላይ የቆሙት ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ክፍሉ ነገም ጠዋት ክፍት ነው። ሌላ የሸሸግሽው መንጋጋ አለ?»

«ሁለት አሉ!» አለች ሐኪሟ፣ ጥርሷን መሸፈን እስኪያቅታት እየሳቀች።